ፍቅርአዲስ ሉማሜ የሄደች ዕለት

መምህር መሳፍንት ለሰው ሁሉ ተናግሮ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቹ፣ ለዕድርተኛው፣ ለሰፈሩ ባለሱቅ፣ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች ሳይቀር «የእኔ ልጅ ሕክምና ነው የምትገባው» ብሏል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ገና ከበር ሲገባ ይለያል ይሉታል። ልጁ ፍቅርአዲስም ከትንሽነቷ ጀምሮ ደረጃ ስትይዝ የኖረች ስለሆነች ማንም አልተጠራጠረውም። እሷም ብትሆን የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ተፈትና እስክትወጣ ድረስ አልተጠራጠረችም።

መስከረም ላይ ውጤቱ ሲለቀቅ እሱ፣ ሚስቱ ሥራነሽና ልጃቸው ሳሎን ውስጥ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ነበር። ገጹ እምቢ ሲል፣ ሲከፈት፣ መልሶ ሲዘጋ ቆይቶ በመጨረሻ ወጣ። ከስድስት መቶው ከአራት መቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

ሥራነሽ እልል አለች። ብዙው ልጅ በወደቀበት ዓመት ልጇ አልፋለች። እልልታዋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ባሏ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንደገና ያያል።

«ሒሳብን አሳዪኝ» አለ። አየ። «ፊዚክስን።» እሱንም አየ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ምንም አይደለም» አለ።

ማንም ምን ሆነ አላለውም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ አረፍ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። መሳፍንት መጀመሪያ ቅሬታ አስገባ። አዲስ አበባ ያለ የድሮ ጓደኛውን ጠዋት ደውሎ ይጠይቀዋል፣ ከሰዓት ደግሞ መልሶ ይደውላል። የቅሬታው መልስ ሲመጣ ውጤቱ ያው ነበር። የሥራ ባልደረባው የአቶ አወቀ ልጅ አበባው ከፍተኛ ነጥብ ማምጣቱ ሲሰማ እቤታቸው ድረስ ሄዶ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ፤ ሲመለስ እራት አልበላም። በነጋታው አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ።

«በሚቀጥለው ዓመት በግል ትፈተኛለሽ» አላት ልጁን። «አሁን ምርጫ አትሞዪም። አንድ ዓመት ምን አላት? እኔ ራሴ አስጠናሻለሁ። ሒሳብና ፊዚክስን ካስተካከልን ሕክምና የማትገቢበት ምክንያት የለም።»

ፍቅርአዲስ «እሺ» አለች። አባቷ ሲናገር እሺ ማለት ለምዳለች። እሱም የጥናት ሰዓት አውጥቶ ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈላት።

ሥራነሽ ልብስ ሰፊ ናት። የግቢው በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል መኪናዋን ስትረግጥ ትውላለች። መስከረምና ጥቅምት የዩኒፎርም ወቅት በመሆኑ ቀና የምትልበት ጊዜ አልነበራትም፤ ቢሆንም የምትሰማውን ትሰማለች። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ታስመልሳለች። ምሳዋ እንደቀረበ ይመለሳል። ማበጠሪያዋ ላይ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር ይቀራል። ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ጨጓራዋ ደህና ነው ተባለ። ጠበል ወሰደቻት፤ ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ተጠምቃ ተመለሰች፣ ያን ቀንም አልበላችም።

«ልጄ እያለቀች ነው» አለችው ሥራነሽ ባሏን።

«ጭንቀት ነው። ማጥናት ስትጀምር ይለቃታል።»

«እያጠናች አይደለም እንዴ? መጽሐፉን ገልጣ አንዱን ገጽ ስታይ ነው የምትውለው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የትም ሂጂ ልበላት?»

«የትም ማን አለ? እዚሁ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ አይደል? እዚሁ ትማር። መንገዱ እንዲህ አስፈሪ በሆነበት ልጄን ሩቅ አገር አልሰድም።»

ሁለቱም የልጅቷን ክፍል በር ያዩ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሆና ሁሉንም ትሰማለች፤ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ግን ማንም አልጠራትም።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያው ሲከፈት ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሞሉ። ፍቅርአዲስ አባቷን «ልሙላ?» ብላ ጠየቀችው። «ቆይ እስቲ» አላት። ከጥቂት ቀን በኋላ «አባዬ፣ ለማንኛውም ብሞላውስ?» አለችው። «ከሞላሽ ልብሽ ለሁለት ይከፈላል፤ ቆይ አልኩሽ» አለ። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ተራዘመ፤ አርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል ተባለ።

አርብ ጠዋት ሥራነሽ ልጅቷን ልትቀሰቅስ ስትገባ አልጋው ተነጥፏል። ስልኳ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ነጠላዋና ጫማዋ የሉም።

«ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል» አለ መሳፍንት፤ ይህን እያለ ግን ጃኬቱን ይለብስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ የለችም። የቅርብ ጓደኛዋ ሂዊ ቤት ሄደ። ሂዊ ፊቷን ሳትታጠብ ወጥታ «ጋሼ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ አላየኋትም» አለችው፤ ቀጥላም መሬት መሬት እያየች «ደህና አይደለችም ግን» አለች።

«ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም። ምንም አትልም እኮ።»

ከዚያ መናኸሪያ ሄደ። ረዳቶቹ እየተጣሩ፣ ሰው በሰው ላይ እየተጋፋ፣ ነጠላ የለበሰች ልጅ ባየ ቁጥር እየሮጠ ትከሻዋን ሊይዝ ይደርሳል፤ ሌላ ሰው ትሆናለች። ያን ያህል ዓመት ተማሪ ሲያስተምር ስለ ውጤት ብለው ራሳቸው ላይ ክፉ ነገር ያደረሱ ልጆች ወሬ ደርሶታል። በየጊዜው «ምነው ወላጆቻቸው አላዩም?» ብሎ አዝኖ ነበር። አሁን ያ ሐሳብ መጥቶ ደረቱ ላይ ቆመ። ከተማው ዳር ያለውን ወንዝ አሰበ። ማሰቡን ለማቆም ጮክ ብሎ ስሟን ተጣራ፤ ሰው ዞር ዞር እያለ አየው።

ስልኩ ሲጮህ ከጥድፊያው የተነሣ መጀመሪያ ዘጋው። ሥራነሽ መልሳ ደወለች።

«ተገኝታለች! እቴ የኔአለም ዘንድ ናት። ሉማሜ። አሁን ደወለችልኝ።»

መሳፍንት የአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያው ብድግ አለ። «በቃ ሄጄ ላምጣት። እስከ ምሳ እንመለሳለን።»

«ሂድና አምጣት አላልኩህም» አለችው ሥራነሽ። እያለቀሰች ነበር፤ ድምፅዋ ግን ጠንካራ ነው። «ሂድና እያት። አንተም እኔም አላየናትም።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ሦስት ጊዜ ወርዶ ወጣ። መንገድ ሲጀምሩ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ትክ ብሎ አይቶት «መምህር መሳፍንት አይደሉም እንዴ?» አለው። አንሙት ይባላል፤ ልጁን አስተምሮለታል። ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቆ ሲያበቃ «ልጅዎ ሐኪም ልትሆን ነው ሲባል ሰማሁ፤ እሰይ!» አለው።

መሳፍንት አፉን ከፈተ። ለሌላው ሰው ሁሉ የሚመልሰው መልስ ነበረው፤ ነጥቧ ጥሩ እንደሆነ፣ አንድ ዓመት ልታጠና እንደወሰነች፣ ውሳኔው የራሷ እንደሆነ። ያን ሊል ብሎ ሌላ ቃል ወጣው።

«ታማብኛለች» አለ።

አንሙት «ወይኔ፣ እግዜር ይማራት፤ ምኗን አመማት?» አለ። መሳፍንት ፊቱን አዞረ። በመስኮቱ በኩል ጤፉ አረንጓዴ ሆኖ ነፋስ ሲያስተኛውና ሲያነሣው ይታያል። ሰዓቱን አየ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አየ።

የኔአለም የሥራነሽ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሉማሜ ከተማ ወጣ ብላ መሬቷን እያረሰችና እያሳረሰች ትኖራለች። መሳፍንት አጥሩን ሲገፋ ደጅ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የባቄላ እሸት ስትፈለፍል አገኛት።

«እትዬ፣ የታለች?»

«ተኝታለች» አለች የኔአለም ሳትነሣ። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ መምህር።»

«እንዴት መጣች? ምን አለችዎት?»

«በጠዋቱ መኪና መጣች። ምንም አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ራበኝ አለች። ጎመን ነበረኝ፤ በእንጀራ አቀረብኩላት፤ ትሪውን ጠርጋ በላችው። ጨምሪልኝ አለች፣ ጨመርኩላት። ከዚያ እዚያው ተቀምጣ ዓይኗ ሲከደን አየሁና መደቡ ላይ አስተኛኋት።»

«በላች?»

«በላች አልኩህ።»

መሳፍንት ወደ በሩ ተራመደ። የኔአለም እጇን ዘረጋችና ጃኬቱን ያዘችው።

«አትቀስቅሳት።»

«እትዬ፣ እርስዎ አያውቁም። ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲው ምርጫ ይዘጋል። የምትሞላም ከሆነ የማትሞላም ከሆነ ዛሬ መወሰን አለበት።»

«ማታ አይደለም? ገና ምሳም አልደረሰ። ግባና እያት፤ ግን አትቀስቅሳት።»

ጫማውን አውልቆ ገባ። ቤቱ ጨለም ይላል፤ ዓይኑ እስኪለምድ ቆመ። ፍቅርአዲስ ግድግዳው ጥግ ያለው መደብ ላይ፣ ጋቢ ለብሳ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። አንድ እጇ ከጋቢው ወጥቷል። አንጓዋን አየው። ሕፃን ሆና የሚያውቀው እጅ ቀጥኖ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። በየቀኑ እራት ላይ ፊት ለፊቱ የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ መቼ እንዲህ እንደሆነች አላወቀም። አንዴ «ፍቅርዬ» ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ። አልነካትም። መለሰው።

ሲወጣ የኔአለም ፊቱን አይታ ሌላ በርጩማ በእግሯ ገፋ አድርጋ የባቄላውን እንቅብ መሃል ላይ አስቀመጠችው። እሱም ይፈለፍል ጀመር። ጥቂት ይፈለፍልና ይነሣል። አጥሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ስልኩን ያያል፤ እዚያ ቤት ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ከተማ ገብቶ ራሱ ሊሞላላት አሰበ፤ የመለያ ቁጥሯን በቃሉ ያውቀዋል። ማሰቡ ብቻ አሳፈረው፤ ቢሆንም ደጋግሞ አሰበው። ጀምበር ከአናት አልፋ ወደ ማዶው ስታዘነብል ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«አንተም እንቅልፍ የለህም፤ ዓይንህ ይናገራል» አለችው የኔአለም።

«ቢመሽስ?»

«ከመሸ እቀሰቅሳታለሁ። እኔ እቀሰቅሳታለሁ፤ አንተ አይደለህም።»

መቀስቀስ አላስፈለገም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከውስጥ የሚሮጥ እግር ተሰማና ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ቆመች። ፀጉሯ በአንድ ወገን ተኝቷል። አባቷን ስታይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«አለፈ? ሰዓቱ አለፈ?»

«አላለፈም» አለ መሳፍንት። ቆሞ ነበር፤ ለመቅረብም ለመቆየትም ግራ ገብቶት። «አላለፈም ልጄ። ሁለት ሰዓት ቀርቶናል።»

ኔትወርክ የሚገኘው አስፋልቱ ዳር ስለሆነ አብረው ወጡ። መንገዱ በእርሻ መሃል ያልፋል። እሱ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ይጠብቃታል፣ መልሶ ይፈጥናል። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«ውጤቴን ያየሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እ?»

«ለትንሽ ጊዜ። አልፌያለሁ ብዬ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ፊትህን አየሁ።»

መሳፍንት ቆመ።  እሷም ቀና ብላ አላየችውም፤ ብታየው የምታቋርጥ ይመስል መሬቱን እያየች ቀጠለች።

«ድጋሚ አልፈተንም፣ አባዬ። አልችልም። ድጋሚ ተፈትኜ ከዚህ ባንስስ? ያን ጊዜ ምን ትላለህ? ለማንስ ምን ትላለህ? መጽሐፉን ስከፍት ፊደሉ ይሄድብኛል።  ነገ ሲነጋ ደግሞ ያንን ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት አያለሁ ብዬ መንጋቱን እፈራለሁ።» መንገዱ ላይ ያለ ድንጋይ በእግሯ ገፋች። «እማዬ ደግሞ እዚሁ ቅሪ ትላለች። ሁለታችሁም ታወራላችሁ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።»

«እሺ፤ ጠየቅሁሽ። ምንድን ነው መማር የምትፈልጊው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅማ! ሄጄ አንደኛ ዓመትን ስማር ነው የማውቀው። ሕክምናም ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አንተ ሐኪም መሆን ትፈልግ ነበር እንዴ?»

«የለም» አለ መሳፍንት። «መምህር መሆን ነበር የምፈልገው።»

«ሆንክ አይደል?»

«ሆንኩ።»

«ታዲያ?»

መሳፍንት እንደገና እርምጃውን አፈጠነ። 

አስፋልቱ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገቡ። የጭነት መኪኖች ባለፉ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ገጹ አልከፈት አለ። ወንበር ቀየሩ፣ ደጅ ወጡ፣ ድንጋይ ላይ ቆሙ። ስልኩ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ባለ ሻይ ቤቷ ቻርጀር ሰጠቻቸው፤ ገመዱ አጭር በመሆኑ አባትና ልጅ ሶኬቱ ጥግ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጥመው ቆሙ። መሳፍንት «እንደገና ንኪው»፣ «አሁን አትንኪው»፣ «ውጪና ግቢ» እያለ እጁን ወደ ስልኩ ሲሰድ ፍቅርአዲስ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አባዬ፣ እንዲህ ስትለኝ ሌላ ቦታ እነካለሁ።»

እጁን መለሰ፤ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ገጹ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተከፈተ። ሐዋሳን አስቀደመች። ቀጥላ አርባ ምንጭን፣ ከዚያ ባሕር ዳርን አስገባች። መሳፍንት «ሐዋሳ ቅድሚያ ከሆነ እኮ...» ብሎ ጀመረና ከንፈሩን ነከሰ። ያን ጊዜ ሥራነሽ ደወለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ነበር፤ ፍቅርአዲስ በአባቷ ስልክ አነሣች።

«የትኛውን አስቀደምሽ ልጄ?»

«ሐዋሳን።»

 የስፌት መኪናዋ ስትረገጥ አትሰማም፤ ሥራነሽ ሥራውን አቁማ ነበር። ፍቅርአዲስ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

«ይበርዳል እዚያ?» አለች እናት በመጨረሻ።

«ይሞቃል፣ እማዬ። ከማርቆስ ይልቅ ይሞቃል።»

«እንግዲያው ስስ ልብስ እሰፋልሻለሁ» አለች ሥራነሽ፤ ወዲያው ስልኩን ዘጋችው።

ፍቅርአዲስ የቀሩትን ደርድራ፣ ማርቆስንም አስገብታ ስትልከው ገጹ ላይ ያለችው ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች። አሁንም ዞረች። አባትና ልጅ ትክ ብለው ሲያዩ ባለ ሻይ ቤቷም ጨርቋን ይዛ ከኋላቸው ቆመች፤ ምን እንደሆነ ባታውቅም እሷም ተጨነቀች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ምርጫው ገባ።

ደስታ አልመጣም። ፍቅርአዲስ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደገና ራበኝ አለች። እስከ እሁድ ድረስ አክስቷ ዘንድ ልትቆይ ፈለገች፤ መሳፍንት «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» ሊል ነበር፤ «እሺ» አለ። ብቻውን ወደ ማርቆስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ የተላከው በትክክል ተልኮ ይሆን እያለ ሲያስብ ነበር። እቤት እንደገባ ግን ከሁሉ በፊት ልጅቷ ክፍል ገብቶ የለጠፈውን ወረቀት ላጠው።

ምደባው ሲወጣ ፍቅርአዲስ ሐዋሳም አርባ ምንጭም አልደረሳትም፤ ጅማ ደረሳት። በአምስተኛ ደረጃ የሞላችው ነው። መሳፍንት ወዲያው ስልኩን አነሣና አዲስ አበባ ያለው ጓደኛው ዘንድ ሊደውል ቁጥሩን ፈለገ።

«አባዬ» አለች ፍቅርአዲስ። «ሞልቼዋለሁ እኮ። እሄዳለሁ።»

 ሥራነሽ ከማዶ ሆና ታየዋለች። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ቦርሳ ልግዛ ብሎ ወጣ።

ልጅቷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ የሄደች ዕለትም ጠዋት ሆዷ ታሞ ነበር፤ ቁርሷን ግማሹን ብቻ በላች። መሳፍንት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ሲደውልና ሲደውል ልጅቷ ማንሣት እስክታቆም ደረሰ። በመጨረሻ ሥራነሽ ስልኩን ነጥቃ ማታ ማታ ብቻ፣ እሷ ስትፈቅድ እንዲያወራ ሕግ አወጣች። እሱም ቀኑን ሙሉ ማታን እየጠበቀ ግቢውን ሲያስሰው ይውላል።

አንድ ማታ የስልኩ ድምፅ ለሁለቱም እንዲሰማ ተከፍቶ ፍቅርአዲስ ስለ መኝታ ክፍል ጓደኞቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምግቡ ስታወራ ቆይታ «የሒሳብ ቴስት ወስደን ነበር፤ ብዙም አልሆነልኝም» አለች።

 መሳፍንት ሊጠይቅ የፈለገው ብዙ ነበር፤ ማን ስንት እንዳመጣ፣ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንዳጠናች። ሥራነሽ በዓይኗ ቆንጠጥ አደረገችው። እሱም ሁሉንም ዋጠና ዋጠና አንዷ አመለጠችው።

«ከስንት?»

ፍቅርአዲስ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰሙ ቆይተዋል። «አባዬ!» አለች።

መሳፍንት ሌላ ጥያቄ እንዳያመልጠው ስልኩን ለሚስቱ ሰጥቶ ወደ ግቢው ወጣ።